ዕጩ እና እጮኛ

ቋንቋ እኛ ልንሸሽገው የምንፈልገውን ነገር አንዳንድ ጊዜ ቀድሞን ይናገረዋል። «ዕጩ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። «አጨ» ከሚለው ግስ የተወለደ ነው። ወንዱ ሴቲቱን ያጫል፤ እርሷም ትታጫለች፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ እጮኛው ናት። ለመንበር የታሰበውም ሰው በዚሁ ግስ ተይዞ ዕጩ ተባለ። ዕጩ ሙሽራ፣ ዕጩ መኮንን፣ ዕጩ ተወካይ … ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። መታጨት ሌላ፣ መዳር ሌላ መሆኑን አማርኛ ጠንቅቆ ያውቃል። እኛ ተናጋሪዎቹ ግን፣ ነገሩ ወደ ፖለቲካ ሲዞር፣ ሠርጉን ብቻ ቆጥረን ማጨቱን የምንረሳ ይመስለኛል።

ምርጫ ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው የሠርጉ ቀን ነው። ረጅሙ ሰልፍ፣ የድምፅ መስጫው ወረቀት፣ በቀለም የተነከረው ጣት፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚቆጠረው ድምፅ። በወረቀቱ ላይ ስማቸው የሰፈረው ሰዎች እንዴት እዚያ እንደደረሱ፣ ማን እንዳጫቸው፣ ከእነርሱ ጋር የተወዳደረ ሌላ ሰው ነበረ ወይስ አልነበረም ብለን የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ፓርቲዎች በየምርጫ ወረዳው ዕጩዎቻቸውን የሚለዩበት ቀን፣ ያውም ማንም ሳያየው የሚያልፈው ቀን፣ ለእኔ ከምርጫው ቀን ይከብዳል። በምርጫው ቀን የምመርጠው ሌሎች መርጠው ካስቀሩልኝ ውስጥ ነውና።

የአባቶቻችን የጋብቻ ሥርዓት በዚህ ረገድ ከፓርቲዎቻችን የተሻለ ነበር። ሽማግሌ ይላካል፤ ሽማግሌዎቹ ቆመው ይጠይቃሉ፤ የልጅቷ ቤተሰብ ወዲያው እሺ አይልም፤ ቀጠሮ ይሰጣል። በቀጠሮው መካከል የሰውየው ጠባይ፣ የቤተሰቡ ስም፣ ዕዳው ሳይቀር ይጠየቃል። ዘርም እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። በጋብቻ ዘር የሚቆጠረው ዝምድና አለመኖሩን ለማረጋገጥ ነው፤ በፖለቲካችን ዘር የሚቆጠረው ዝምድና መኖሩን ለማረጋገጥ ነው። ልማዱን ወርሰን ምክንያቱን ገለበጥነው።

አንድ ሰሞን ስለዚሁ ነገር ግጥም ልጽፍ ተነሥቼ ከሁለት ስንኝ አላለፍኩም፤

ሳይጠይቁ አጭተው፣ ሳትመርጥ ዳሯት፤
እሺ በይ እያሉ በከበሮ ጠሯት።

ሙሽራይቱ ማን እንደሆነች ለዚህ ገጽ አንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ከ2010 ዓ.ም. የተሻለ ምስክር አላገኘሁም። የካቲት 8 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ከሥልጣናቸው ለመልቀቅ መጠየቃቸው ተሰማ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 73 መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትር የሚመረጠው ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ነው። ነገር ግን ያኔ 547ቱም መቀመጫዎች በኢሕአዴግና በአጋሮቹ የተያዙ ስለነበሩ፣ ምክር ቤቱ የሚያደርገው መመረቅ እንጂ መምረጥ አልነበረም። ምርጫው የተካሄደው ሌላ አዳራሽ ውስጥ፣ በግንባሩ ምክር ቤት ነው። አባላቱ 180 ነበሩ፤ ከአራቱ ድርጅቶች ከእያንዳንዳቸው 45። አዳራሹ ከመከፈቱ በፊትም ብዙ ነገር አልቆ ነበር። ኦሕዴድ የካቲት 15 ቀን ሊቀመንበሩን ለውጦ ዶ/ር ዐቢይ አሕመድን ወደፊት አመጣ፤ አቶ ለማ መገርሳ የተወካዮች ምክር ቤት አባል ስላልነበሩ አንቀጽ 73 መንገዱን ዘግቶባቸዋል። አቶ ደመቀ መኮንን ደግሞ በመጨረሻው ሰዓት ራሳቸውን ከውድድሩ አገለሉ። አቶ ሽፈራው ሽጉጤና ዶ/ር ደብረጽዮን ገብረሚካኤል ቀረቡ። መጋቢት 18 ቀን ዶ/ር ዐቢይ በ108 ድምፅ አሸነፉ፤ መጋቢት 24 ቀን በምክር ቤቱ ፊት ቃለ መሐላ ፈጸሙ።

108 ድምፅ! መቶ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ላለበት አገር። በዚያ ሰሞን ሰባተኛ ላይ ነጋዴው ከደንበኛው፣ ተሸካሚው ከሊስትሮው «ማን ይሆን?» ይባባል ነበር፤ ልክ የማይጫወትበትን የኳስ ግጥሚያ ውጤት እንደሚጠብቅ ሰው። የውጤቱን ደግነት ወይም ክፋት ልዳኝ አልተነሣሁም፤ ብዙዎች በዚያ ሌሊት ደስ ብሏቸው እንዳደሩ አውቃለሁ። እኔ የምለው፣ ከዚያ ወዲህ የሆነው ሁሉ፣ መልካሙም መከራውም፣ የተጀመረው ከ180 ሰዎች በቀር ማንም ድምፅ ባልነበረው የማጨት ቀን ነው። ተወዳዳሪዎቹ በአደባባይ ቆመው ስለ ምን ሊለያዩ እንደሚችሉ እንኳ አልሰማንም።

ሕጉ ይህን አያውቅም እንዳይባል፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 ስለ መምረጥና መመረጥ በሚናገርበት ስፍራ ሦስተኛ ንዑስ አንቀጽ አለው። በፖለቲካ ድርጅቶችና በሌሎች ማኅበራት ውስጥ ለኃላፊነት የሚደረግ ምርጫም ነፃና ዴሞክራሲያዊ በሆነ መንገድ መካሄድ አለበት ይላል። ስለ አጠቃላይ ምርጫ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙ ደምም ፈሷል። ለዚህች ንዑስ አንቀጽ ግን የጮኸ ሰው ከስንት አንዴ ነው የማየው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 1162፣ አገር አቀፍ ፓርቲ ለመመሥረት 10,000 መሥራች አባላት፣ ለክልላዊ ፓርቲ 4,000 ይጠይቃል። ያን ሁሉ ፊርማ ከሰበሰቡ በኋላ ፈራሚዎቹን «ማንን እናጭ?» ብሎ መጠየቅ ምን ያህል ይከብዳል?

አንባቢ የ1997ን ምርጫ እንደሚያነሣብኝ አውቃለሁ፤ ያ ሕዝብ በእውነት የመረጠበት ጊዜ አልነበረም ወይ? ነበር። እኔ ለመምረጥ ዕድሜዬ ያልደረሰ ልጅ ሆኜ ግንቦት 7 ቀን ሰባተኛ ላይ የነበረውን ሰልፍ አስታውሳለሁ፤ የመርካቶ ሱቆች ያን ያህል ዝም ብለው አይቻቸው አላውቅም። ቅንጅት በአዲስ አበባ ከ138ቱ የከተማ ምክር ቤት መቀመጫዎች 137ቱን፣ ለተወካዮች ምክር ቤት ደግሞ 23ቱንም ወሰደ። ማታ እናቴን «ማንን መረጥሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ሁለት ጣት» አለችኝ። የሰውየውን ስም ማለቴ ነው ብላት፣ ሳቀች። አታውቀውም ነበር፤ ጎረቤቶቻችንም አያውቁትም። የመረጡት የአሸናፊነት ምልክቱን እንጂ ሰውን አልነበረም። በዚያ ወቅት ከዚያ ሌላ ማድረግ አይቻልም ነበር ብል እውነት ነው፤ ቅንጅት አራት ፓርቲዎች በችኮላ የተጣመሩበት ነበርና። ሆኖም ከምርጫው በኋላ ወደ ምክር ቤት እንግባ ወይስ አንግባ የሚለው ክርክር ሲነሣ፣ ስሙን የማናውቀውን ተወካያችንን ምን ያስባል ብለን የምንጠይቅበት አንደበት አልነበረንም።

በሌላው ዓለምም ነገሩ ከጥንት ጀምሮ የተሟላ አልነበረም። አሜሪካኖች እስከ 1968 እ.ኤ.አ. ድረስ የፕሬዚዳንት ዕጩን ለመለየት የመጨረሻው ቃል የፓርቲ ሹማምንት ነበር። በዚያ ዓመት ሂዩበርት ሃምፍሪ በክፍለ ግዛቶቹ ቅድመ ምርጫ ሳይወዳደሩ ቺካጎ ላይ ዕጩ ተደረጉ፤ ከአዳራሹ ውጭ ፖሊስና ወጣቶች ሲደባደቡ ዓለም በቴሌቪዥን አየ። ቅድመ ምርጫው ዛሬ የምናውቀውን ጉልበት ያገኘው ከዚያ ውርደት በኋላ ነው። ቨርጂኒያ የሚኖር የአጎቴ ልጅ በየካቲት 2008 እ.ኤ.አ. ኦባማና ክሊንተን ሲፎካከሩ ድምፅ ሊሰጥ ሄዶ፣ የፓርቲ መታወቂያ ይጠየቅ መስሎት ነበር። የጠየቁት የየትኛውን ፓርቲ ወረቀት እንደሚፈልግ ብቻ ነው። «አገር ቤት ስብሰባ ላይ ለመቀመጥ እንኳ የድጋፍ ደብዳቤ ነበር የምንጠየቀው» ብሎ በስልክ ሲያወራኝ የነበረውን መደነቅ አልረሳውም። አሜሪካ በጣም ሩቅ ናት የሚል ካለ፣ ጋና አለች፤ በታኅሣሥ 2007 እ.ኤ.አ. በአንድ ፓርቲ ጉባኤ፣ ያውም በገዥው፣ 17 ሰዎች ለዕጩነት ተወዳድረዋል። አሥራ ሰባት! በእኛ ዘንድ ሁለት ሰው ከቀረበ ፓርቲው ተሰነጠቀ ይባላል።

ይህ «ተሰነጠቀ» የሚለው ፍርሃት ከየት እንደመጣ አይገባኝም፤ ምክንያቱም ሕዝቡ በራሱ ጉዳይ ላይ እንዲህ አይፈራም። ሰባተኛ ላይ የሚጣል እቁብ ዳኛውን፣ ጸሐፊውንና ገንዘብ ያዡን ሲመርጥ ብታዩ ሰው እንዴት እንደሚታጭ ትማራላችሁ። እንዴት ያምር ይናገራል የሚል ጥያቄ አይነሣም። ሱቁ የራሱ ነው ወይስ የኪራይ? ዱቤ ወስዶ በቀኑ ይከፍላል? ሲሟገቱት ይቆጣል? ከዚህ በፊት የሰበሰበው እቁብ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን በሰዓቱ አገኘ? አንዱ ይጠቆማል፤ ሌላው «የለም፣ እገሌ ይሻላል» ይላል፤ የተጠቆመው ሰው እዚያው ተቀምጦ ይሰማል። ተሸንፎ የተነሣው ሰው ከእቁቡ አይወጣም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ገንዘቡን ይዞ ይመጣል። ዕጣ የሚወጣለት ሰው ደግሞ ዋስ ይጠራል። ሚሊዮኖች በእንዲህ ያለ መተማመን ሲንቀሳቀሱ የሚያይ ሕዝብ፣ ዕጩ መለየት ከአቅሙ በላይ ነው ሲባል እንዴት ዝም ይላል?

ወደ አንድ ጉዳይ ልግባና ላብቃ፤ በእውነቱ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ እርሱ ነው። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ኢዜማ ጉባኤውን ሲያካሂድ ለፓርቲው መሪነት ሁለት ሰዎች ተወዳደሩ፤ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋና አቶ አንዱዓለም አራጌ። ኢዜማ በግንቦት 2011 ሰባት ፓርቲዎች ከስመው የመሠረቱት ፓርቲ ነው፤ አወቃቀሩም በምርጫ ወረዳ ነው። በእኛ አገር እምብዛም ያልተለመደ ነገርም አድርጓል፤ የፓርቲውን መሪና የፓርቲውን ሊቀመንበር ለያይቷል። ሊቀመንበሩ ድርጅቱን ይመራል፤ መሪው ደግሞ ፓርቲው ለመንግሥትነት የሚያቀርበው ፊት ነው። ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ከ2011 ጀምሮ አንዱ መሪ፣ ሌላው ምክትል መሪ ሆነው አብረው የሠሩ ናቸው።

እኔ የፓርቲው አባል አይደለሁም። ግን አንባቢ ነኝ፤ እናም ይህ ውድድር ለአንባቢ የተሰጠ ስጦታ ነበር። ሁለቱም ሰዎች መጽሐፍ አላቸው፤ ሁለቱም መጽሐፋቸውን የጻፉት ቃሊቲ ሆነው ነው። የፕሮፌሰሩ «የነፃነት ጎህ ሲቀድ» ከ1997 በኋላ ታስረው ሳሉ የታተመ ነው። የአቶ አንዱዓለም «ያልተሄደበት መንገድ» የዕድሜ ልክ ፍርደኛ ሳሉ የጻፉት ነው፤ በመስከረም 2004 ተይዘው የወጡት በየካቲት 2010 መሆኑን ልብ ይሏል። እኛ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ዕጩን የምንመርጠው እንደ ልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ ነው። ማን የበለጠ ተሰቃየ? የማን ታሪክ እንባ ያመጣል? የማን ዓረፍተ ነገር ያምራል? በአጠቃላይ ምርጫ ይህ ልማዳችን ብዙ ጊዜ ያታልለናል፤ እስር ቤት የገባው እስር ቤት ካልገባው ጋር ሲወዳደር ሰንሰለቱ ብቻ ክርክሩን ይጨርሰዋልና። እዚህ ግን ሁለቱም ታስረዋል። ሁለቱም ጽፈዋል። ሁለቱም ለአንድ ፕሮግራም ፈርመዋል። የሚያስለቅሰው ነገር ሁሉ ከሁለቱም ወገን እኩል ሲሆን፣ ሚዛኑ ላይ የሚቀረው እውነተኛው ጥያቄ ብቻ ነው። የቅድመ ምርጫ ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለኛል።

ጥያቄውስ ምን ነበር? እኔ እንዳየሁት ይህ ነው። ኢዜማ በሰኔ 2013 ምርጫ ያገኘው 4 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ ነበር። መስከረም 26 ቀን 2014 ዓ.ም. የፓርቲው መሪ ፕሮፌሰር ብርሃኑ በአሸናፊው ፓርቲ ካቢኔ ውስጥ የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። የተሸነፈ ፓርቲ መሪ በአሸናፊው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ የፓርቲው መሪ ሆኖ መቀጠል አለበትን?

ድምፅ ቢኖረኝ ኖሮ ለአቶ አንዱዓለም እሰጥ ነበር። ምክንያቴ የሰውየው ብልጫ አይደለም፤ ከእንጀራዬ የተማርኩት ነገር ነው። የምሠራው ባንክ ነው። ባንክ ውስጥ ካዝና በሁለት ቁልፍ ይከፈታል፤ ሁለቱ ቁልፎች በአንድ ሰው ኪስ አያድሩም። ሰነዱን ያዘጋጀ ሠራተኛ ያንኑ ሰነድ አያጸድቅም። ይህ ሥርዓት የተሠራው ለሌባ ብቻ ነው ብለው የሚያስቡ አዲስ ተቀጣሪዎች አሉ፤ ቅር ይላቸዋል፤ «እኔን አታምኑኝም?» ይላሉ። ሥርዓቱ ይልቁን ለታማኙ ሰው ነው፤ አንድ ቀን ጥፋት ሲገኝ ታማኙ ሰው በምን ራሱን ያድናል? መንግሥትን የሚጠይቅ ፓርቲ መሪ አንደኛው ቁልፍ ነው። ሚኒስትሩ ሌላው ቁልፍ ነው። ፕሮፌሰሩ የቱንም ያህል ንጹሕ ሰው ቢሆኑ፣ ካቢኔው የወሰነውን ነገር ሰኞ አጽድቀው ማክሰኞ በፓርቲያቸው ስም ሊቃወሙት አይችሉም፤ ቢቃወሙትም የሚያምናቸው የለም፤ ዝም ካሉ ደግሞ የመረጣቸው ሰው አንደበት ያጣል።

የሥራ ባልደረባዬ በዚህ አይስማማም። ምሳ ላይ ደጋግመን ተሟግተናል፤ መከራከሪያውንም ሳልሸራርፍ ላቅርብለት። አገር በጦርነት ውስጥ ባለችበት ሰዓት ውጭ ቆሞ መተቸት ቅንጦት ነው ይላል። ደግሞም ውጤቱን እዩ ይለኛል፤ በጥቅምት 2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው እንዲሰጥ ተደረገ፤ ጥር ላይ ውጤቱ ሲወጣ ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ተነገረ። ለዓመታት በኩረጃ ተሸፍኖ የነበረውን ቁስል ገልጦ ለማሳየት ድፍረት ይጠይቃል፤ ሰውየው ውጭ ቢቀሩ ይህን ማን ያደርገው ነበር? ይህ ጥሩ ክርክር ነው። እኔም ያቺን 3.3 ባየሁ ጊዜ፣ የታናሽ እህቴ ልጅ ከተፈታኞቹ አንዷ ስለነበረች፣ አዝኜም ቢሆን የሚኒስትሩን ግልጽነት አክብሬያለሁ። ግን ባልደረባዬ የሚያሳየኝ ጥሩ ሚኒስትርን ነው። ጥሩ ሚኒስትር መሆናቸው የፓርቲው መሪነት ለሌላ ሰው እንዲለቀቅ ይበልጥ የሚገፋ ምክንያት ነው እንጂ የሚያስቀር አይደለም። ሚኒስትርነቱን ይዘው መሪነቱን ቢያስረክቡ ኖሮ፣ ኢዜማ ሁለቱንም ቁልፍ በሁለት እጅ ይይዝ ነበር።

ጉባኤው የባልደረባዬን ሐሳብ መረጠ፤ ፕሮፌሰር ብርሃኑ አሸነፉ። እኔ የደገፍኩት ወገን ቢሸነፍም፣ አንድ የኢትዮጵያ ፓርቲ «መሪያችን ማን ይሁን?» ብሎ ሁለት ስም አቅርቦ አባላቱን መጠየቁን ከውጤቱ አስበልጬ እወደዋለሁ። ቅሬታዬ የጠበበ መሆኑ ላይ ነው። የጠየቀው ጉባኤተኛውን ነው። በየምርጫ ወረዳው ያለው ተራ አባል፣ ወርሃዊ መዋጮውን የሚከፍለው፣ በቀጥታ ቢጠየቅ ምን ይል ነበር? የፓርቲ መሪ የሚታጨው በጉባኤ ከሆነ፣ የወረዳው ዕጩ ተወካይ ቢያንስ በወረዳው አባላት ሊታጭ ይገባዋል። ለዚህ ቀዳሚ ምርጫ የሚባል ትልቅ ድግስ አያስፈልግም፤ አንድ የቀበሌ አዳራሽ፣ ሁለት ስም፣ አንድ ሳጥን፣ ተወዳዳሪዎቹ ፊት ለፊት ቆመው የሚመልሱባት አንዲት ከሰዓት በኋላ ትበቃለች። ማንም የሚያልፍ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ቢሰማም ክፋት የለውም።

በ2013 ምርጫ ሰሞን አንድ ወጣት የአንድ ፓርቲ ዕጩ ፎቶ ያለበትን ወረቀት ይዞ ወደ መስኮቴ መጥቶ ነበር፤ ገንዘብ ሊያስገባ መጥቶ ነው፣ በዚያው ቅስቀሳውንም አደረሰኝ። ጨዋ ልጅ ነው። ዕጩው የተማረ መሆኑን፣ የሰፈሩ ልጅ መሆኑን ነገረኝ። «ከእርሳቸው ጋር ለዕጩነት የተወዳደረው ሌላው ሰው ማን ነበር?» አልኩት። ግር አለው። ወረቀቱን ገልብጦ አየ። «እሱን ጠይቄ እነግርዎታለሁ» ብሎ ስልክ ቁጥሬን በደረሰኙ ጀርባ ላይ ጻፈ። ሰኔ 14 ደረሰና አለፈ፤ አልደወለም። አሁንም አልፎ አልፎ ገንዘብ ሊያስገባ ይመጣል፤ ሲያየኝ ፈገግ ብሎ ወደ ሌላው መስኮት ይሰለፋል።